ከእንግዲህ ልጃችሁ ናት

ጥቅምት 9

ወንድሜ፣

ባለፈው ደብዳቤህ ከሰላምታው በፊት «እናቲቱ ትተርፋለች ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ተርፋለች! ይህን ለመጻፍ እጄ እንዴት እንደቸኮለ ብታይ ትስቅብኝ ነበር። ሰላምታዬም በዚሁ ይቆጠርልኝ። አንተም፣ ሚስትህም፣ ድምቢጥም ደህና እንደሆናችሁ አምናለሁ፤ እኔም ወገቤን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ።

የድምቢጥ እናት፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ትናንት ከሆስፒታል ወጣች። ሳንባሽ ድኗል፣ ከእንግዲህ ለማንም አታስተላልፊም ብለው አሰናበቷት። ከታክሲ እንደወረደች ቤቷ እንኳ አልገባችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ልጆች ማዋያችን መጣች። መጀመሪያ አላወቅኳትም። ያ ክብ ፊቷ የለም። ፀጉሯ ተላጭቷል፣ ቀሚሷ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ነው የሚመስለው። ልጆቹ በሚቀመጡባት አጭር አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ቁጭ አለችና «ድምቢጤ የታለች?» አለችኝ።

«ሆስፒታል ስትገቢ ራስሽ ያስረከብሻቸው ሰዎች ጋ ናት» አልኳት። «ወንድሜ በር በያጅ ነው፣ ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ የራሳቸው ልጅ የላቸውም፣ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩአት።» ይህን ስነግራት እያለቀሰች ትስቃለች። አንተንና ሚስትህን ስትመርቅ ብትሰማ ግቢህን ዘግተህ ትጨፍር ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ የሰው እንባ ሳይ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ።

ከጎረቤቶች ጋር ሆነን ቤቷን ጠርገናል፣ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ በላስቲክ ሸፍነናል። ልብስ ማጠቡን ለጊዜው ትታ እዚሁ እኔ ጋ ለልጆቹ ድንች እየላጠች ትውላለች። እንግዲህ የቀረው ድምቢጥ ብቻ ናት። ሚስትህ ታምጣት፤ ካልተመቻት ደግሞ ለሾፌሩ ለጡሩምባ አደራ ስጡልኝ፤ አፉ ቢከፋም ልቡ ደህና ነው። ይህችንም ደብዳቤ የላክሁት በእሱ ነው። በስልክማ ሁልጊዜ ቁም ነገር ላይ ስንደርስ መስመሩ ይቋረጥብሃል።

በዚህ ሳምንት እጠብቃለሁ።

እህትህ

---

ጥቅምት 21

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም፣

እንደ ባሕር የሰፋ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይ? ምግብ አብሳይዋ ባልደረባሽስ ደህና ናት? የማዋያው ጣሪያ ዘንድሮ ዝናቡን ቻለው? ልጆቹን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ፤ በተለይ ያን ጫማዬን ደብቆ ያስቀረኝን ባለጌ።

የእናቲቱን መዳን ሰምቼ እጅግ ደስ አለኝ። እጅግ በጣም ደስ አለኝ።

የልጅቷን መምጣት በተመለከተ አሁን መንገዱ አስቸጋሪ ነው። ዝናቡ ድልድዩን ነካክቶታል ይባላል። ደግሞም ጉንፋን ይዟታል፤ ብዙም የሚያሰጋ ሳይሆን ያው የልጅ ጉንፋን ነው፤ ግን በዚህ ላይ የአውቶቡስ መስኮት ንፋስ አይጨመርበትም። ትምህርትም ገና መጀመሯ ነው። ጀምሮ ማቋረጥ ደግሞ ለልጅ ጥሩ አይደለም ትያለሽ አንቺው። ስለዚህ ረጋ ብለን ብናየው ይሻላል።

ቀደም ሲል ስለ ጫማዋ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ጠቧት ሌላ ገዝተናል። ቁመቷ ጨምሯል። ብየዳ ልጀምር ስል መጥታ ደንበኞቼን «ዓይን ጨፍኑ!» እያለች ታዛቸዋለች። ሽማግሌ የለ፣ ባለሥልጣን የለ፣ ሁሉም ይጨፍናል። ባለፈው አንድ ጡረታ የወጣ ኮሎኔል ጨፍኖ ቆሞ፣ ሥራውን ከጨረስኩ በኋላም «ክፈቱ» እስክትለው ድረስ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ሳቅ በዚህ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም፣ እታለም። አንቺ ታውቂያለሽ፤ በዚህ ቤት ምን ያህል ዝምታ እንደነበር።

ሚስቴ ሰላም ትልሻለች።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 3

ወንድሜ፣

ሰላምታህ ረዘመ። ሰላምታው የረዘመ ሰው ከጀርባው የያዘው ነገር አለ ይሉ ነበር አባታችን።

ጡሩምባን ስለ መንገዱ ጠየቅኩት። «የምን ዝናብ? አቧራው ዓይን ሊያጠፋኝ ነው!» አለኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰማው። ድልድዩም ቆሟል፣ በየቀኑ ያልፍበታል። ጉንፋኑስ እስካሁን አልለቀቃትም? እኛ ሰፈር ጉንፋን የሚያዘው ልጅ በማግስቱ ቆሻሻ ቱቦ ላይ ሲዘል ነው የምናገኘው።

ቁም ነገሩን ልንገርህ። አጣቢዋ በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድማ ትመጣና በሩ ላይ ትቀመጣለች። መኪና በቆመ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች። እኔ ደግሞ «መንገዱ» እላታለሁ፣ «ጉንፋን» እላታለሁ። ያንተን ቃል ሳደርስላት የምዋሸው እኔ እየመሰልኩ ነው። ሌሎቹ እናቶችም ያያሉ። ልጅቷ ስትሄድ ግማሹ ሰፈር መኪናው ዙሪያ ቆሞ ነበር፤ ሴትየዋ ልጇን ማንሳት አቅቷት አንተ ከጭኗ ላይ ስታነሳት ሁሉም አይቷል። አሁን «እናትየው ዳነች፣ ልጅቷስ?» ይላሉ። እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ ሰፈር ተወልጄ አድጌበታለሁ።

ማዋያው የቆመው በምን እንደሆነ ታውቃለህ። ወንበር የለን፣ አጥር የለን። እናቶች ልጆቻቸውን ጥለውልን ወደ ሥራ የሚሄዱት ማታ እንደሚያገኟቸው ስለሚያምኑ ብቻ ነው። ያ እምነት ከሄደ እኔ አራት ቆርቆሮ መካከል የተቀመጥኩ አሮጊት ነኝ።

ሌላም አንድ ነገር ገርሞኛል። ሚስትህ ድሮ በደብዳቤህ ጫፍ ላይ በእጇ ሁለት ቃል ሳትጨምር አታልፍም ነበር፤ ስለ ልጅቷ ልብስ፣ ስለ ጥርሷ ትጽፍልኝ ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ግን አንተ ብቻ ነህ ሰላም የምትልልኝ። ታማ እንደሆነ ንገረኝ። ተቀይማኝ እንደሆነም ንገረኝ።

እህትህ

---

ኅዳር 15

እታለም፣

በቁራጭ ወረቀት «ትልካታለህ ወይስ አትልካትም? አንዱን በል» ብለሽ የላክሽልኝ ደረሰኝ። ጡሩምባ ሲሰጠኝ ፊቴን ሲያጠና ነበር።

እልካታለሁም፣ አልልካትምም ማለት ይከብደኛል። ግን እስቲ አንዴ ሳትቆጪ ስሚኝ።

ስትመጣ እግሯ ከጣት እስከ ጉልበት ቁስል ነበር። ከሳህኗ ላይ ግማሹን እያነሳች ትራሷ ሥር ትደብቅ ነበር፤ ለነገ። ሚስቴ ጠዋት ጠዋት አንሶላውን ስታነሳ ዳቦ እያገኘች ታለቅስ ነበር። አሁን መደበቁን ትታለች። ነገም ምግብ እንዳለ አምናለች ማለት ነው። አልጋ አላት፣ ደብተር አላት፣ ወተት አላት። ትምህርት ቤት በእኔ ስም ነው የምትጠራው፤ አስተማሪዋ «የአባትሽ ስም ማነው?» ስትላት የእኔን ነው የምትናገረው። ይህን እንድታውቂው ብዬ ነው፣ በኋላ ከሌላ እንዳትሰሚው።

አንቺ ዕድሜሽን ሁሉ እነዚያን ልጆች ከዚያ ጭቃ ለማውጣት ስትሮጪ ኖረሻል። አንዷ ወጣች። ይቺን አንዷን ለምንድን ነው የምትመልሻት? ሥራሽ ልጅ መርዳት ከሆነ ይኸው ተረድታለች እኮ።

ደግሞም በጉልበት አልወሰድኳትም። እናቷ በሰው ሁሉ ፊት «ከእንግዲህ ልጃችሁ ናት» ብላኛለች። አንቺም ሰምተሻል፣ ጡሩምባም ሰምቷል። እኔ ይህን ቃል ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት። ለሚስቴም የነገርኳት ይህንኑ ነው። አሁን በምን አፌ ነው የምነግራት?

ለእናቲቱ የሚያስፈልጋትን ሁሉ እረዳለሁ። ስትፈልግ መጥታም ትያት እላለሁ፤ ግን ልጅቷ አሁን እንዳትረበሽ ትንሽ ጊዜ ያስፈልጋል።

ሚስቴ ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው። ሰላም ትልሻለች።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 20

አንተ ልጅ፣

ዛሬ ሰላምታ የለም።

«ከእንግዲህ ልጃችሁ ናት» አለች። አዎ አለች። ታዲያ ምን ልትል ኖሯል? በእኛ ቋንቋ ያልተሰጠ ነገር አለ? «ቤቴ ቤትህ ነው» ያለህ ሰው ቤት ሁሉ አልጋህን ተሸክመህ ገብተሃል? ባለሱቁ «ላንተማ በነፃ ውሰደው» ሲልህ ዕቃውን አንጠልጥለህ ሄደሃል? «ልሙትልህ» ያለህን ሰው ሁሉ ቀብረሃል? አክስታችን «አፈር ስሆን ብላልኝ» እያለች ነው ያሳደገችን፤ አፈር አለበስካት? ሰው እጁ ሲደክም፣ የሚሰጠው ሲያጣ፣ ቃሉን ነው የሚሰጥ። እሷ የነበራት ቃል ብቻ ነበር፤ እሱኑ አሳምራ ሰጠችህ። አንተ ደግሞ ያዝክባት።

ደግሞ ግማሹን ነው የያዝከው። «ከእንግዲህ ልጃችሁ ናት፤ አደራ» ነው ያለችው። አደራ! ይህቺን ቃል የት ጣልካት? መንገድ ላይ ከአውቶቡሱ መስኮት ወደቀችብህ? በቤታችን ድሃ ነበረ፣ ሰካራም ነበረ፣ ተሳዳቢም ነበረ፤ ያቺ ተሳዳቢ እኔ ነኝ። አደራ በላ ግን አልነበረም።

ሥራሽ ልጅ መርዳት ከሆነ ትለኛለህ። የእኔ ሥራ ልጅ ከእናቱ ማውጣት አይደለም። እናት ሥራዋን ውላ ማታ ልጇን ይዛ እንድትገባ ነው። ማታ ይዛ እንድትገባ! ሌላ ምንም አልሠራም እኔ። ለዳቦና ለወተትማ የሚበልጡኝ ስንትና ስንት አሉ፤ ሁሉም እናት ወተት በሌላት ቁጥር ልጇን ለባለወተት ትስጥ ካልን ይሄ ሰፈር በሳምንት ውስጥ ልጅ አልባ ይሆናል።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብብ። ቲማቲም ሻጯን ታውቃታለህ፣ ያቺን ረጅሟን። ልጇን ማምጣት ካቆመች ሰንብታለች። «የዚያች ሴት ወንድም የሰው ልጅ ይወስዳል» ተብሎ ተወርቷል። ልጇን ቤት ውስጥ አስቀምጣ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ወደ ገበያ ሄደች። ልጁ የጋዝ ምድጃውን ነካካ። ጎረቤት ጭሱን አይቶ ቆርቆሮውን ገንጥሎ አወጣው። በሕይወት አለ። ፊቱ ተርፏል። ስለ እጁ ሐኪሞቹ ገና አልነገሩንም።

እናትየው ሆስፒታል በር ላይ ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ያን ልጅ እኔ ነኝ በማንኪያ ያበላሁት፣ በእጄ ላይ ነው መራመድ የጀመረው።

እና በየቤቱ የተቆለፈባቸው ሌሎችም አሉ። ጠዋት በመንደሩ ሳልፍ ቁልፎቹን አያለሁ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማኛል፣ አንኳኩቼ ስማቸውን እጠራለሁ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ጣታቸውን ያወጡልኛል። ልጅቷ ከአውቶቡስ ወርዳ በዚህ መንደር በእግሯ ካልሄደች በቀር እነዚህን ቁልፎች የሚከፍትልኝ የለም። ስለ ድምቢጥ ብቻ አይደለም የምለምንህ።

ዛሬ ደግሞ አጣቢዋ «እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ልጄ ሞታብኝ ነው?» አለችኝ። እንደዚያ አስባ ነበር እንግዲህ፤ ልጇ ሞታ እየደበቅናት ነው ብላ። በሕይወት አለች፣ አድጋለች፣ ትስቃለች ብዬ ማልኩላት። «እና ለምን አትመጣም?» አለች። ምን ልበላት? አንተ ንገረኝ ምን ልበላት?

እህትህ

---

ኅዳር 28

ወንድሜ፣

ሚስትህ የላከችው የልብስ ጥቅል ደረሰ። በምን መልክ እንደደረሰ ግን ሳትሰማው አትቀርም፤ ካልሰማህ ስማ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ነው። እኔና አጣቢዋ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ድንች እንልጣለን። ጡሩምባ ጥቅሉን በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ልጆቹ ከበቡት። ፈታነው፤ የልጅ ሸሚዞች፣ ቀሚሶች፣ አንዱ ካንዱ ያማረ። የሚስትህን እጅ መቼም የትም አውቀዋለሁ። አጣቢዋ አንዱን ቀሚስ አንስታ ስፌቱን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር። ያኔ ጡሩምባ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መልእክት ሲያደርስ እንደሚያደርገው ቀጥ ብሎ ቆመና በዚያ ድምፁ እንዲህ አለ፤

«ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ብላለች፤ የድምቢጥን እናት ነፍስ ይማር። ለነፍሷ እንዲሆን ልብሱን እናት ለሌላቸው ልጆች አከፋፍሉልኝ።»

ነፍስ ይማር።

ጡሩምባ አጣቢዋን በዚያ ክሳቷ አላወቃትም፤ ምን ያድርግ። እኔ ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። እሷ ግን አልደነገጠችም። ቀሚሱን መልሳ አጠፈችው፣ እጥፋቱን አስተካከለች። «ለካ የሞትኩት እኔ ነኝ» አለች። ልትስቅ የፈለገች መሰለኝ። ከዚያም ድንቹን ልጣ ጨረሰችና ቤቷ ገባች።

እና አንተ ለሚስትህ እናቷ ሞታለች ብለህ ነው! ለዚህ ነው ያቺ ሴት በእጇ አንድ መስመር የማትጽፍልኝ፤ ደብዳቤዎቼን አላሳየሃትም። ያቺ ምስኪን ለነፍስ ብላ መርፌ ስትወጋ ከረመች። ሙታንን ማስነሳት ቢያቅትህ የቆመን ሰው ገደልክ። ከዚህ በላይ ምን እንደምልህ አላውቅም። ብዙ ስድብ አውቃለሁ፣ ዛሬ አንዱም አልመጣልኝም።

ይህን የምጽፍልህ ግን ልሰድብህ አይደለም። ዛሬ ጠዋት አጣቢዋ በሩ ላይ አልነበረችም። ቤቷ ሄድኩ፤ በሩ ገርበብ ብሏል፣ መድኃኒቷ መስኮቱ ላይ አለ፣ እሷ የለችም። አንዱ አሸዋ የሚጭን ሾፌር ሳይነጋ በእናንተ አቅጣጫ እንደጫናት ነገረኝ። አድራሻህን አታውቅም፤ የምታውቀው በር በያጅ መሆንህን ብቻ ነው። እያነባች የሄደች ብትሆን ባልፈራሁ። ዝም ብላ ነው የሄደችው። ወንዝም አለ በመንገዱ፣ ሰውም አለ።

ከመጣች በርህን እንዳትዘጋባት። እለምንሃለሁ። ታላቅህ ነኝ፣ ለምኜህ አላውቅም፤ ዛሬ እለምንሃለሁ።

እህትህ

---

ታኅሣሥ 1

እታለም፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከእሷ በኋላ ነው። በሕይወት አለች፤ መጀመሪያ ይህን እወቂ። አሁን ይህን ስታነቢ እናንተ ጋ ደርሰው ይሆናል፤ ቢሆንም እኔ የማውቀውን ልጻፍልሽ፣ ከእኔ አፍ ስሚው።

ትናንት ጠዋት ነበር። ግቢ ውስጥ የአንድ መጋዘን በር እየበየድኩ ነው፣ ጭምብሌ ፊቴ ላይ ነው። አንዲት ሻርፕ የተከናነበች ሴት በሩ ላይ ቆማ ውሃ ለመነች። በጭምብል መስታወት ሲያዩት ሰው ሁሉ ጥላ ነው፤ ለማኝ መሰለችኝ። ድምቢጥ «ዓይን ጨፍኚ!» ብላ ጮኸችባት። ሴትየዋ ጨፈነች። ልጅቷ ሮጣ ገብታ ውሃ በሁለት እጇ ይዛ መጣችና «ክፈቺ» አለቻት።

ሴትየዋ ቀስ ብላ ጠጣች። ብርጭቆውን ከአፏ ሳታነሳ ታያታለች። ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ቆየች ብዬ ቀና ማለቴን አስታውሳለሁ። ከዚያ «ስምሽ ማነው?» አለቻት። ድምቢጥ ትምህርት ቤት እንደለመደችው ቀጥ ብላ ቆማ ስሟን ከነእኔ ስም ነገረቻት። ሴትየዋ ብርጭቆውን መለሰችላት፣ «እደጊ» አለቻት፣ ሄደች። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። እታለም፣ ሥራዬን ቀጠልኩ!

ትንሽ ቆይቶ ጡሩምባ ደብዳቤሽን ይዞ ገባ። ገና እየከፈትኩት ሳለ ሚስቴ የልኬት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ አለችና «ልብሱን አደረስክልኝ?» አለችው።

«ማድረሱንስ አደረስኩ» አለ፣ «ግን ጉድ ሠራሽኝ! ሞተች ያልሽኝ ሴትዮ እኮ መልእክትሽን ስናገር እዚያው አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማኝ ነበር። ኋላ ነው የነገሩኝ። አሁን ደግሞ መናኸሪያው ጋ አየኋት፣ ልመለስ ነው ብላ አውቶቡሴ ውስጥ ተቀምጣለች።»

ሚስቴ አየችኝ። ጥቅምት ላይ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ማታ ልነግራት ወስኜ ገባሁ፤ ልጅቷን ታጥባት ነበር፣ ይስቃሉ። በማግስቱ «እናቷስ እንዴት ሆነች?» ብላ ስትጠይቀኝ «አለፈች» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መመለሻውን አጣሁት። ያን ቀን ልጅቷን አቅፋ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ሐዘኗ እውነተኛ ነበር፣ ዝም ብዬ አየኋት።

ሚስቴ የልጅቷን እጅ ይዛ በሩን አልፋ ሄደች። እኔም ከኋላ ተከተልኩ፣ ጭምብሌን እንኳ ከራሴ ላይ አላወረድኩም። አውቶቡሱ ሞተሩ ተነስቷል። እነሱ ገቡ፤ እኔ መግባት አፈርኩ፣ በውጭ በኩል መስኮቱ ሥር ቆምኩ። አጣቢዋ ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

ሚስቴ ፊቷ ቆማ «እህቴ፣ ሞተሻል ብሎኝ ነው» አለቻት።

«ያየኝ ሁሉ እንደዚያው ነው የሚለው» አለች አጣቢዋ። ቀልድ ነበር። ማንም አልሳቀም።

«ለምን ሳትናገሪ ሄድሽ ታዲያ? ልጅሽ እኮ ናት!»

«አላወቀችኝም» አለች። «ውሃ ሰጥታ ሸኘችኝ። የሞተ ሰው ተመልሶ ሕፃን አያስደነግጥም ብዬ ነው። አምሮባታል። እግሯ ድኗል።»

ድምቢጥ የሚስቴን ቀሚስ ይዛ ከኋላዋ ታያታለች፣ ያው ውሃ የጠጣችዋ ሴትዮ ናት ለእሷ። ጡሩምባ ነዳጅ ረገጠ፣ ጭሱ አጠገባቸው በተከፈተው በሌላው መስኮት ገባ። አጣቢዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስትታገል አየኋት፤ እኔና እሷ ፊት ለፊት ነን፣ መስታወቱ ብቻ ነው መካከላችን። ተሳፋሪው ሕመምተኛ ናት ብሎ እንዳያስወርዳት አፏን በሻርፗ አፍና ይዛ ነበር። አልቻለችም። ሳለች። ደረቅ፣ ረጅም ሳል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የሚል።

ልጅቷ ቀና አለች።

«እማዬ ናት እንዴ?» አለች፣ ሚስቴን ነው የምትጠይቀው። «እማዬ ማታ ማታ እንዲህ ነው የምትለው።»

ማንም ሳይነግራት ቀሚሱን ለቀቀች፣ በሰዎች ጉልበት መካከል አልፋ ጭኗ ላይ ወጣች፣ መዳፏንም ደረቷ ላይ አደረገች። ለካ እዚያ ቤት ሳሉ እናቷን ሲያስላት እንደዚያ ነበር የምታደርግላት። ሳሉ እስኪቆም ድረስ እጇን አላነሳችም። ከዚያ «የት ነበርሽ?» አለቻት። «እየዳንኩ» አለች እናቷ።

እኔ እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ ወተትና አልጋ እየቆጠርኩ ስከራከርሽ ነበር። ልጅቷ እናቷን አልረሳችም ነበር እታለም፤ ያላወቀችው ፊቷን ብቻ ነው። አፍሬያለሁ። እዚያ መስኮት ሥር ሰው እያየኝ አልቅሻለሁ። የቲማቲም ሻጯን ልጅ እጅ አስባለሁ፣ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል። ልጅቷ ስትወርድ ሰፈሩ ሁሉ ይያት፤ በመንደሩ መካከል በእግሯ አሂዷት፣ የተቆለፈበት በር ሁሉ ፊት ለፊት።

አጣቢዋ ልጇን አቅፋ ወደ ጥግ ጠጋ አለችና ለሚስቴ ቦታ ለቀቀችላት። ሚስቴ ልጅቷን ልታስረክባት፣ ልትሰናበታት የገባች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ተቀመጠች። ጡሩምባ በሩን ዘጋ። መስኮቱን በጣቴ አንኳኳሁ።

«መቼ ትመለሻለሽ?» አልኳት።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር መስኮቱን ትንሽ ገፋ አደረገችው።

«አላውቅም» አለችኝ። «ጎረቤት ከጠየቀህ የፈለግከውን በላቸው። ሞታለች ብቻ እንዳትል።»

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቶች ጠየቁኝ። እህቴ ጋ ናት አልኳቸው። ደርሳ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ